ለፋን ቁርኣን አልይዝም

ሸዋ ሮቢት
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጆቼ አባት፣ ለሙዐዊያ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጆቹ ይማራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ትልቁ በቁመት እኔን አልፎኛል። ትንሿ የወለቀ ጥርሷን ላንተ በስልክ ካላሳየሁ ብላ ስታስቸግረኝ ሰነበተች። የሮቢትን ግንቦት ታውቀዋለህ፤ ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮው እሳት ነው፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው። እኔ ደክሞኛል። ይህን መጀመሪያ ላይ መጻፍ እንደማይገባኝ አውቃለሁ፣ ግን ከዚህ የሚቀድም ነገር አላገኘሁም።

ስልክ እያለ ለምን ጻፈች እንደምትል ይገባኛል። በስልክ የወንድሜን የሙጂብን ስም ሳነሳ ወይ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ወይ አሠሪህ ይጠራሃል፣ ወይ ባትሪህ ያልቃል። የሪያድ ኔትወርክ ምን እንደሚመስል ባላውቅም ወንድሜን እንደማይወደው ግን ተረድቻለሁ። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ናጅዋ ከእረፍቷ ወደ እናንተ ስትመለስ በእጇ ልኬልሃለሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳታጥፈው።

ነገሩ የመኪናችን ፋን ነው፣ ያ የራዲያተሩን ውሃ የሚያበርደው። «ደግሞ ፋን!» ስትል ይሰማኛል። እመነኝ፣ እኔም ሰልችቶኛል። በዚህ ከተማ ስለ ባሏ ተጠይቃ የማታውቅ ሴት ትኖር ይሆናል፣ ስለ ፋኗ በየቀኑ የምትጠየቅ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ካሳሁን፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ መኪናውን መንገደኛ እየጫነ የሚነዳልን፣ ገና ከድልድዩ ማዶ ሲመጣ ባለሱቆቹ ጩኸቱን ሰምተው «የራቢዓ አውሮፕላን መጣ» ይላሉ። ዘንድሮ ሙቀቱ ሲብስ ጩኸቱም ባሰ፤ ካሳሁን ውሃ በጀሪካን ሳይጭን ከከተማ አይወጣም።

እስከ መጋቢት ድረስ በዚህ እንስቅ ነበር። በመጋቢት የሙጂብን ልጅ ፋዲላን ከከሚሴ ሊጠይቋት ሽማግሌዎች መጡ። ልጁ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ፋዲላም ወዳዋለች፤ ደስ ብሏት ቤቱን ሁሉ ስትጠርግ አየኋት። ሽማግሌዎቹ በደንብ ተስተናግደው፣ እሺታ አግኝተው፣ ሲመለሱ በእኛው መኪና ተሳፈሩ። ሰንበቴ ላይ መኪናው ፈላ። ውሃው እስኪበርድ መንገድ ዳር ሲቀመጡ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ይሄ ፋን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ብለው ጠየቁ። ካሳሁን ወሬ ይወዳል፣ ልቡ ግን ክፉ አይደለም። ሰዎቹ የማንን ልጅ ሊጠይቁ እንደመጡ እንኳ በቅጡ ሳያስብ ታሪኩን ዘረገፈው፤ ሙጂብ የሚባል መካኒክ አዲስ የፋን ሞተር ሰርቆ አሮጌ እንደገጠመ፣ ቁርኣን ይዘህ ማል ሲባልም እምቢ እንዳለ፣ እንደሰማው ነገራቸው። ይህን ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ።

ከሳምንት በኋላ መልእክት መጣ። ነገሩን ከአረፋ በኋላ እናየዋለን ይላል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ፋዲላ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ገበያ ስትላክ ሌላ ሰው ይሂድ ትላለች።

የዚያን የፋን ነገር አንተም ታውቀዋለህ፣ ግን ከመጀመሪያው ልጽፈው ነው፤ እያንዳንዳችን የምናስታውሰው ሌላ ሌላ ሆኗልና። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ልጆቹንና አንድ ፍራሽ ጭነን ስንወጣ፣ ጀውሃን ሳንደርስ መኪናው ፈላ። ፋኑ ቆሞ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ኋላችን ጭስ፣ ልጆቹ በጥማት እያለቀሱ፣ አንተ ሽቦውን በጥርስህ ልጠህ ፋኑን በቀጥታ ከቁልፉ መስመር ጋር አሰርከው። ቴፕ አልነበረህም፤ የነጠላዬን ጥለት ቀድደህ መጋጠሚያውን ጠቀለልክበት። ፋኑ እየጮኸ ተነሳ፣ እኛም ሮቢት ገባን። ያን ቀን አላህ ባንተ እጅ አዳነን፤ ይህን ማንም አይወስድብህም።

ከዚያ ጀምሮ ጮኸ። የፋኑ ሞተር አርጅቷል አልክ፣ ከአዲስ አበባ አዲስ አስመጣህ፣ ወንድሜ ጋራዥ ወስደህ አስገጠምክ። ጩኸቱ ያው ሆነ። «ሙጂብ አዲሱን ወስዶ ቁራሌ ገጠመብኝ» ብለህ ሼህ አደም ፊት ከሰስከው። መስጊዱ ግቢ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ሳለ «እውነተኛ ከሆነ ቁርኣን ይያዝ!» አልክ። ሙጂብም ተነስቶ «ለፋን ቁርኣን አልይዝም። የምታምኑኝ እመኑኝ፣ የማታምኑኝም ተዉኝ» ብሎ ጫማውን አድርጎ ሄደ። አባታችን ዓሊዩ አምባ ሲኖር በአንድ የድንበር ክርክር እውነቱን ይዞ ምሎ ነበር። በዚያው ክረምት ሁለት በሬዎቹ ሞቱበት። ከዚያ ወዲህ ለዱንያ ነገር ቁርኣን የሚይዝ ልጅ የለኝም አለን። ይህን ላንተ ነግሬህ ነበር። አንተ ግን በንዴትህ አልሰማኸኝም፣ ሰውም ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል አለ።

አንተ ሪያድ ሄድክ። የሙጂብ ጋራዥ ሰው እየራቀው ተዘጋ። አሁን ቀወት ወርዶ የሽንኩርት ገበሬዎችን የውሃ ፓምፕ ይጠግናል፤ በጠዋት በእግሩ ይሄዳል፣ ማታ ጭቃ ለብሶ ይመጣል። እኔም በባሌና በወንድሜ መሃል ሆኜ፣ አንዱ ቤት የሌላውን ስም ላለመጥራት ምላሴን ስጠብቅ ይኸው ስንት ጊዜ ሆነኝ።

ካሳሁን ያደረገውን ሲረዳ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። «እትዬ ራቢዓ፣ የልጅቷን ነገር ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ይህን ፋን ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልተኛም» አለኝ። ከዚህ በፊት ሦስት ሰው አይቶት ነበር። አንዱ ቺንጊያው ነው አለ፣ አንዱ የውሃ ፓምፑ፣ ሌላው የሞተሩ ኩሽኔታ አልቋል አለ። ሁሉም ጆሮውን አስጠግቶ ነው የመረመረው፤ ሰው ሲታመም እንኳ እንዲያ አያዳምጡትም።

ካሳሁን መጀመሪያ የመኪናውን ሞተር አጥፍቶ ቁልፉን ብቻ ከፈተ። ፋኑ በቀጥታ ከቁልፉ መስመር ጋር ስለታሰረ ብቻውን ዞረ፣ ጩኸቱም እንዳለ ነው። «ስለዚህ ቺንጊያም የውሃ ፓምፕም አይደለም፤ እነሱ ቆመዋል» አለኝ። ቀጥሎ ቁልፉን ዘግቶ ክንፎቹን በእጁ አዞራቸው። ቀለል ብለው ዞሩ፤ አልተንገዳገዱም፣ የትም አልነኩም፣ የተሰበረም የለም። ኩሽኔታውም ደህና ነው ማለት ነው። ካሳሁን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ላቡን ጠረገ። «እትዬ፣ ምንም አልሆነም። ደህና ሆኖ ነው የሚጮኸው» አለ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ።

እንደገና ሲያስነሳው ውሃ ላቀብለው መኪናው ፊት ቆምኩ። ካሳሁን እንደ ልማዱ «ሻሽዎን ሰብሰብ ያድርጉ፣ ፋኑ እንዳይስበው» አለኝ። ይህን ሁሌ ይለኛል፤ እኔም ሁሌ እሰበስባለሁ። ያን ቀን ግን ከድካሜ ብዛት አልሰበሰብኩም። የሻሼ ጫፍ ወደ ፋኑ አልሄደም። ወደ እኔ ተመለሰና ፊቴን መታኝ። አንስቼ ወደ ፍርግርጉ አስጠጋሁት፤ መልሶ ወረወረው።

«ካሳሁን፣ ይሄ ፋን የታለ የሚስበው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየ። ሻሼን ለምኖ ወሰደና ማዶ ካለው ሆቴል በር ላይ ወደቆመች የደብረ ብርሃን መኪና ሮጠ። ሾፌሩን «አስነሳ» ብሎ ሻሹን ከፊቷ ያዘው፤ ፍርግርጉ ላይ ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ። ተመልሶ የእኛው ፊት ያዘው፤ እንደ ባንዲራ ተውለበለበ።

«እትዬ፣ የእኛው አየር አይስብም፣ ይተፋል! ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። መኪናው ሲሄድ ከፊት ከሚመጣው ንፋስ ጋር ሲታገል ነው የኖረው። እንዴት አይጮህ? እንዴት አይፈላ?»

ሽቦውን እየተከተልን ሄድን። ቋጠሮው ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጨርቁ የነጠላዬ ጥለት ነው፤ አረንጓዴው ጠቁሮ፣ አቧራና ዘይት ጠጥቶ፣ ግን ያው ነው። ካሳሁን ቀስ ብሎ ፈታው። ቀዩ ከጥቁሩ፣ ጥቁሩ ከቀዩ ጋር ተጠምዝዟል፤ ፋኑን ወደ ኋላ ያዞረው ይሄ ነው። ከዚያ መንገድ ወዲህ ያን ቋጠሮ የነካው ሰው የለም፤ የሸዋ አቧራ እንደ ማኅተም ደርቆበት ነበር። ቀጥሎ የፋኑን ሞተር አወጣው። ጀርባው ላይ በሚስማር የተጫረች «ሙ» አለች። ከአዲስ አበባ እንደመጣልህ ከሌላ ዕቃ እንዳይቀላቀልብኝ ብለህ እዚህ ቤት በረንዳ ላይ የጫርካት ናት፣ አጠገብህ ቆሜ ነበር። አንተ ያስመጣኸው ሞተር ነው፣ ሙዐዊያ። ሙጂብ ገጥሞልህ ነበር። ሁለት ቡሎን ፈትተህ ማየት ስትችል ቁርኣን አስመጣህ።

በማግስቱ ቀወት ወረድኩ። ሙጂብ ወንዙ ዳር ፓምፕ ፈትቶ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ሆኖ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ጨርቁን ተቀብሎኝ አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ስትገጥም ይህን ቋጠሮ ለምን ሳታየው ቀረህ?» አልኩት።

«አይቼዋለሁ እንጂ። የሙዐዊያ ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ መካኒክ ነኝ፣ እሱ ኤሌትሪሺያን። ሞተሩን በሶኬቱ ሰካሁለት። የሱን ሽቦ ፈትቼ ብፈትሽ ሰውዬውን መናቅ ይሆንብኛል አልኩ።»

አየህ? አንተ ሌባ ባልከው ሰዓት እሱ ላንተ ሥራ ያለውን ክብር ነው የጠበቀው። ይህን እስክሰማ ድረስ ከልቤ አላለቀስኩም ነበር። እዚያው ሽንኩርቱ መሃል ቆሜ አለቀስኩ።

እሱ ግን «ለሙዐዊያ እንዳትነግሪው» አለኝ። «እዚያ ብቻውን ነው። ሲሰማ ይከፋዋል፣ የሚያጽናናው ሰው የለው።»

«ያንተስ መከፋት?»

«እኔ ለምጄዋለሁ» አለና ወደ ፓምፑ ተመለሰ።

ይሄ መልስ ነው ያደከመኝ። አንዱ በቁጣው፣ ሌላው በትዕግሥቱ፣ ሁለታችሁም መሃል ላይ ጣላችሁኝ። እሱ ለምዶት ይሆናል፣ ፋዲላ ግን አልለመደችውም፤ እንድትለምደውም አልፈልግም።

ስለዚህ ሼህ አደምን ጠራኋቸው። ሽቦው እንዳለ መልሰን አስረን፣ ሞተሩን መልሰን ገጥመን ጠበቅናቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፣ የጥምጣማቸውን ጫፍ ፈትተው ፋኑ ፊት ያዙ፤ ጨርቁ ተመልሶ ጢማቸው ላይ ተጠመጠመ። ሳቁ። ቀጥለው የነጠላዬን ጥለትና ያችን «ሙ» ካሳሁን ሲያሳያቸው ሳቃቸው ጠፋ።

«ልጄ፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉኝ። «ነገር ግን በሰው ፊት የከሰሰ ሰው ክሱን የሚያነሳው ራሱ ነው፣ እሱም በሰው ፊት። እኔ ብናገር ሸምጋይ አዘነላቸው ይባላል። የሙጂብ ስም የሚመለሰው በከሰሰው ሰው አፍ ነው።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ካሳሁንን ሽቦውን እንዲያዞረው አዘዝኩት። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀበትም። ቁልፉን ሲከፍት ጩኸቱ ስለጠፋ ፋኑ የሚዞር አልመሰለኝም፤ ሻሼን ከፊቱ ሳደርገው ነው ሳብ አድርጎ ሲይዘው ያመንኩት። ካሳሁን በዚህ ሙቀት እስከ ከሚሴ ደርሶ ተመለሰ፣ የጀሪካኑን ክዳን አልከፈተም። ባለሱቆቹ አሁን መኪናው ሲመጣ ስለማይሰሙ «ተሸጠ እንዴ?» ይሉኛል። ያን ሁሉ ጊዜ የተሸከምነው ነገር በሁለት ሽቦ ነበር ያለው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ገብቼ ተኛሁ፣ እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሰላት አልነቃሁም።

እስካሁን የጻፍኩት ማንም ሊነግርህ የሚችለውን ነው። ቀሪውን ከእኔ በቀር የሚነግርህ የለም።

ባለፈው ዓመት በረመዷን፣ ለማፍጠር ትንሽ ሲቀር ደወልክልኝ። አንድ ሱቅ ውስጥ ስለጠገንከው ኤሲ እያወራኸኝ ሳለ ቆም አልክና «ራቢዓ፣ መኪናው ፊት ስትቆሚ የፋኑ ንፋስ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልከኝ። «ወደ እኔ ነዋ፣ ፊቴን እኮ አቃጥሎ ጨረሰኝ» አልኩህ እየሳቅሁ። «እሺ» አልክ። ትንሽ ቆይተህ ልጆቹ ጾመው እንደሆነ ጠየቅከኝ። መኪናው ናፍቆህ መስሎኝ አሳዝነኸኝ ነበር። አሁን ግን ሻሼን ይዤ እዚያ ቆሜ ሳለሁ ያ «እሺ» ያልክበት ድምፅህ መጣብኝ። ከዚያ በፊት የሙጂብ ስም ሲነሳ ትሰድበው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልሰደብከውም።

አልተቆጣሁም ብልህ ውሸት ነው። ሁለት ቀን ልጆችህን ሳያቸው ያንተን ፊት እያየሁባቸው ተናድጃለሁ። ሽቦውን ስለገለበጥክ እንዳይመስልህ። የዚያን ቀን ቋጠሮ እድሜ ልኬን አልወቅስህም፤ ልጆቼ በሕይወት ያሉት በሱ ነው። የከበደኝ ከዚያ «እሺ» ወዲህ ያለው ዝምታህ ነው። አንተ አውቀህ ዝም ብለህ ሳለ ወንድሜ ፓምፕ ተሸክሞ በእግሩ ይሄድ ነበር። ማፈርህ ይገባኛል፣ ሩቅ ሆኖ ማፈር ደግሞ ከቅርቡ ይብሳል። ግን ያንተን እፍረት የሙጂብ ልጅ እንድትሸከመው አትፍቀድ።

የከሚሴ ሽማግሌዎች ተጠርተው ከአረፋ ቀጥሎ ባለው ጁምዓ ይመጣሉ። ሼህ አደም ከሰላት በኋላ ኒሙ ሥር ይሰበስቧቸዋል፣ ስልካቸውም ክፍት ይሆናል፣ ድምፁን ለሁሉም ያሰሙታል። ማንም ቁርኣን ያዝ አይልህም። «ሙጂብ አልሰረቀኝም፣ ሽቦውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ» በል፣ ይበቃል። መቼ እንዳወቅክ የሚጠይቅህ የለም፤ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ከእኔም አይወጣም።

ካልደወልክ ግን እኔ ተነስቼ እናገራለሁ። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ቆሜ ስለ ባሌ፣ ከነስልኩ ጥያቄ፣ አንድም ሳላስቀር። እችለዋለሁ፣ እንደምችል ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ ግን አንተ ወደዚህ ቤት የምትመለስበትን መንገድ እንዴት እንደምንጠርገው አላውቅም። ሙዐዊያ፣ እንድትመለስ እፈልጋለሁ። ስለዚህ እባክህ አታስነሳኝ።

አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ በሰው አገር ያለውን ልፋትህን ኸይር ያድርግልህ፣ ምላስህን ለእውነት ያቅልልልህ፣ ፊትህን ለልጆችህ ያሳይልህ። አሚን።

የልጆችህ እናት፣ የሙጂብ እህት
ራቢዓ